ቅምሻው ወጡን እንዳይጨርሰው

ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ «መጽሔታችን በስልክ የምትታይ ተንቀሳቃሽ ቅምሻ ያስፈልጋታል» የምትል አጭር ማስታወቂያ ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጣቢያችን ሁለት ጎራ ተፈጥሯል። አንደኛው ጎራ «በእጅ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድን ጽሑፍ ከስልክ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ሁለተኛው ጎራ ካምፓላ ካሉት ወጣቶቻችን የተነሣ ሲሆን «ዘመኑ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ዞሮ የሚያየው የለም» ባይ ነው። ይህ ጸሐፊ ከሁለቱም ጋር ክርክር አለው። ከፊተኞቹ ጋር ያለው ክርክር በአንድ ስኒ ቡና ያልቃል። ከኋለኞቹ ጋር ያለው ግን የዋዛ አይደለም፤ የሰው ስምና የሰው ደኅንነት ያለበት ነው።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምንነጋገር እንወቅ። ቅምሻ ያልነው ስምንት ወይም ዐሥር ሴኮንድ የምትቆይ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ናት። የመጽሔቱ ሽፋን ይታያል፤ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ከውስጥ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይነበባል፤ ያበቃል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ትላካለች። ሥራዋም አንድ ብቻ ነው፦ ያያት ሰው ተነሥቶ ወረቀቱን «ማን ዘንድ ነው ያለው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ። ይህን ካላደረገች፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ ቅምሻ አይደለችም።

ለፊተኛው ጎራ እንመልስ። «ጽሑፍ በሌላ መንገድ ሲቀመስ ይረክሳል» የሚለው አባባል በእኛው አገር ታሪክ የተረታ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሳይቀር ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቱ ለየው። ሬዲዮው መጽሐፉን ገደለው ወይ? አንባቢውን አበዛለት እንጂ! ግን ልብ በሉ፤ ወጋየሁ የተረከው የመጽሐፉን ቃል ነው። በበሩ ላይ ቆሞ «ግሩም መጽሐፍ መጥቶላችኋልና ኑ» ብሎ ከበሮ አልደለቀም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥዕልን በተከታታይ እያሳዩ ታሪክ መንገርም ከስልክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ሰንሱል ነበራቸው፤ አንድ ረጅም ብራና እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ፣ ሲዘረጋ ሥዕል በሥዕል እየተከተለ የሚታይ። የንግሥተ ሳባንም ታሪክ ሠዓሊዎቻችን ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍልፋይ ሸራ ላይ ይሥሉት ነበር፤ ዓይን ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲሄድ ንግሥቲቱ ከአክሱም ኢየሩሳሌም ትደርሳለች። እዚያ የሚንቀሳቀሰው ዓይን ነው፤ በስልክ ላይ ደግሞ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱ ይኸው ነው። እንግዲህ «ባህላችን አይደለም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይቁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

የካምፓላ ወጣቶቻችን የውጭ አገር ምሳሌ ማምጣት ይወዳሉ። መልካም፤ እኛም እናምጣ። «ኤስኳየር» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ሰባ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ወደ 100,000 በሚሆኑ ቅጂዎች ሽፋን ውስጥ ባትሪና የኤሌክትሮኒክ ቀለም ከተተ። ሽፋኑ ላይ ያሉት ቃላት ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ከሽፋኑ በስተጀርባም የፎርድ መኪና ማስታወቂያ አብሮ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ የብልጭታው ወጪ በከፊል የተሸፈነው ከዚያው ነውና። ባትሪው አለቀ፤ ብልጭታው ጠፋ። ዛሬ ያን እትም የሚያስታውስ ሰው ብልጭታውን እንጂ በውስጡ የተጻፈውን አያነሣም።

በሌላ በኩል «ኒው ዮርከር» እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የክሪስቶፍ ኒማንን «ዝናባማ ቀን» የተባለ ሽፋን አወጣ። በወረቀት ላይ ያው ሥዕል ቆሞ ነው። በስክሪን ላይ ግን ዝናቡ በመኪናው መስኮት ላይ ይወርዳል። ሰው አይሮጥም፤ ፊደል አይበርም፤ ሙዚቃ የለም። ዝናብ ነው የሚወርደው። ይህን ያየ ሰው ወረቀቱን ሲይዝ ዝናቡን በዓይነ ኅሊናው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። እንዲህ ያለውን ነው ተንቀሳቃሽ ቅምሻ የምለው። ሀብታሙ መጽሔት በአንድ የዝናብ ጠብታ ሲበቃው፣ በሻማና በቢክ እስክሪብቶ የምንጽፍ ሰዎች ርግብ፣ ርችትና የሚሽከረከር ወርቃማ ፊደል የሚያምረን ለምንድን ነው?

ርግብ ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። አብዛኞቻችሁ አይታችኋታል። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት «መጽሔታችሁን እናስተዋውቅላችሁ» ብሎ ቅምሻ አሠርቶ ነበር። ሥራው የተሰጠው አማርኛ ለማይችል ባለሙያ ነው፤ በሰውየው አልፈርድም፣ የታዘዘውን ሠርቷል። ካለፈው እትም አንዲት እናት ስለ ራሽን ከጻፈችው ዐረፍተ ነገር ተወሰደ። እርሷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «ራሽኑ ይበቃቸዋል የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ወር ከእኛ ጋር ይብላና ይንገረን።» በቅምሻው ላይ የታየው ግን፣ ከዋሽንት ድምፅና ክንፏን ከምታርገበግብ ርግብ ጋር፣ «ራሽኑ ይበቃቸዋል» የምትል ብቻ ነበረች። ቀሪው ቃል በስክሪኑ አልገባም፤ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2025 በኡጋንዳ የምግብ ርዳታው ለብዙ ስደተኛ በተቋረጠበት ማግሥት፣ የአራት ልጆች እናት በስሟ «ይበቃቸዋል» አለች ተባለ! በውኃ ሰልፍ ላይ የተባለችውን ሁላችንም ሰምተናል። ወረቀቱን ያነበበ ሰው ባይኖር ኖሮ ማን ይከላከልላት ነበር? ቅምሻውን ያየው ሕዝብ ወረቀቱን ካነበበው በብዙ እጅ ይበልጣልና።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ማለት ግድ ነው። ፈረንጁ ዐረፍተ ነገሩን ሲጀምር ማን ምን እንዳደረገ አስቀድሞ ይነግርሃል፤ ከመካከል ብትቆርጠው ዋናው ነገር ተርፎ ይገኛል። የእኛ ግስ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። «ወደ አገራችን በሰላም እንመለሳለን» ስትል ሰምተህ ደስ ሲልህ፣ «የሚለውን ወሬ አላመንሁም» ይከተላል። አፍራሹም፣ ጥርጣሬውም፣ ቁጣውም፣ ቀልዱም ጭራው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቃላትን አንድ በአንድ እያበሩ የማምጣቱ ዘዴ ለአማርኛ አይሆንም። ለአንድ ሴኮንድም ቢሆን አንባቢው የተገላቢጦሹን ያምናል፤ በዚያች ሴኮንድ ጣቱ ወደ ሌላ ነገር ካለፈ ደግሞ እንዳመነ ይቀራል። አማርኛ ዐረፍተ ነገር በስክሪን ላይ ሙሉውን ባንዴ ይውጣ፤ ቀስ ብሎ ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ለማንበብ እስከሚበቃ ይቁም። ሙሉው የማይገባ ከሆነ ሌላ አጭር ዐረፍተ ነገር ይፈለግ። ዐረፍተ ነገሩንም የሚመርጠው ጸሐፊው ራሱ ነው። ካምፓላ ያለ ሰው ይቅርና የመጽሔቱ አዘጋጅም ይህ ሥልጣን የለውም።

«ታዲያ ገንዘቡን የሰጠው እኮ መሥሪያ ቤቱ ነው» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ምላሽ ሩቅ አንሄድም፤ እዚያው ካምፓላ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ራጃት ኒዮጊ የተባለ የካምፓላ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1961 «ትራንዚሽን» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። ካምፓላ ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ መጽሔቱ ግን ከአፍሪካ አልፎ ተሰማ። በ1963 ናይጄሪያዊው ኦቢ ዋሊ በዚሁ መጽሔት ላይ «በአውሮፓ ቋንቋ የሚጻፍ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መውጫ የሌለው መንገድ ነው» የሚል ክርክር አነሣ። ተከታዮቹ እትሞች በመልስና በመልስ መልስ ተሞሉ። መጽሔቱን ሰው እንዲፈልገው ያደረገው ይህ የደብዳቤ ጦርነት ነው፤ የአንዱ እትም ክርክር ለቀጣዩ እትም ቅምሻ ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ ለመጽሔቱ ርዳታ ይሰጥ የነበረው «የባህል ነፃነት ኮንግረስ» የተባለው ማኅበር፣ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲ.አይ.ኤ. መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ይፋ ወጣ። ያን ጊዜ መጽሔቱ ምን ቢጽፍ «የማን አፍ ነው?» የሚል ጥያቄ ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ በ1968 የኦቦቴ መንግሥት፣ በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ በወጣ ትችት ሰበብ፣ ኒዮጊንና የፓርላማ አባሉን አቡ ማያንጃን አሰረ። ኒዮጊ በ1969 ተፈታ፤ መጽሔቱ ካምፓላን ለቆ በ1971 በጋና እንደገና ተጀመረ፤ ኋላም ዎሌ ሶዪንካ አዘጋጀው። ይህን ሁሉ የተረክሁት የእኛዋን በእጅ የተጻፈች መጽሔት ከትራንዚሽን ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ እንዲያ ቢባል ሳቅ ነው። ማለት የፈለግሁት፣ እንዲህ ያለ ትልቅ መጽሔት እንኳ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሲታወቅ እንዲህ ከተናወጠ፣ የእኛን ቅምሻ ሌላ ሰው ከፍሎ ሲያሠራልን «ለማን ተብሎ ነው የተሠራው?» ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት አይደለም ነው።

ለማን ተብሎ እንደተሠራ እኮ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። እስቲ ርግቧን ተዉአትና የቀረውን አስታውሱ። ሽፋናችን ላይ የሌለ የሚያለቅስ ሕፃን ተጨምሯል። ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሥመር አለ። መጽሔቱ በየትኛው ቀጠና፣ ማን ቤት እንደሚገኝ ግን አንድም ቃል የለም። ስለዚህ የተሠራው ወረቀቱን ፈጽሞ ለማያነብ ሰው ነው፤ አይቶ ለሚያዝን፣ አዝኖም ለሚያልፍ። ልቅሶአችን ለሽያጭ ሲቀርብ ሥነ ጽሑፋችን መጠቅለያ ሆነ። በእኛ መጽሔት ውስጥ እኮ ባለፈው እትም ብቻ ሁለት የሚያስቁ ጽሑፎች ነበሩ! የፍየሏን ታሪክ አንብቦ ያልሳቀ አለ? እርሷን ለምን አላንቀሳቀሷትም?

ስለ ወጪ ጥቂት እንበል፤ ወጣቶቻችን ካምፓላ በሰው ዋይፋይ ሲቀመጡ ይህን ይረሱታል። በኡጋንዳ ከሐምሌ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማኅበራዊ መገናኛ በቀን 200 ሽልንግ ግብር ይከፈል ነበር፤ ይኸውም በወር 6,000 ሽልንግ ነው። በሐምሌ 2021 ይህ ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታው ላይ 12 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ግብሩ በእያንዳንዷ ሜጋባይት ውስጥ ተደብቋል። ስምንት ሜጋባይት የሆነች ቅምሻ ለ300 ስልክ ስትላክ 2,400 ሜጋባይት ትበላለች፤ የምትበላውም ከላኪው ሳይሆን ከተቀባዩ ነው። የብዙ ሰው ስልክ ደግሞ ሳይጠየቅ በራሱ እንዲያወርድ ተደርጎ የተተወ ነው። አንዲት እናት ሳሙና ትታ የገዛችውን ዳታ ርግብ በላችው ማለት ነው። ያችኑ ቅምሻ በ600 ኪሎባይት መሥራት ይቻላል፤ ለ300 ስልክ 180 ሜጋባይት ብቻ።

እንዴት? ጂፍ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፤ ከ256 በላይ ቀለም አይዝም፤ ለፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ በጣም ይከብዳል። ኤም ፒ ፎር የሚባለው የቪዲዮ አሠራር ግን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የተለወጠውን ክፍል ነው በዋናነት የሚመዘግበው። ስለዚህ ዳራው ጸጥ ያለ፣ ካሜራው ያልተነቃነቀ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚንቀሳቀስበት ሥዕል እጅግ ቀላል ይሆናል። የዝናቧ ጠብታ ብልኃት እዚህም ትጠቅማለች፤ ለዓይን ያማረው ለኪስም ረከሰ። ድምፅ አያስፈልግም። ጨለማ ቤት ውስጥ ሕፃን አስተኝቶ ስልክ የሚከፍት ሰው ዋሽንት አይሻም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። ወረቀታችን ከጣቢያው አይወጣም፤ ቢወጣም በሰው ብብት ሥር ሆኖ፣ የያዘው ሰው እየታወቀ ነው። ቅምሻ ግን አንድ ጊዜ ከተላከች በኋላ ማን ዘንድ እንደምትደርስ የሚያውቅ የለም። ካባላጋላ ወይም ካንሳንጋ ምግብ ቤት ውስጥ አንዱ ለአንዱ ያስተላልፋታል፤ በማግሥቱ አዲስ አበባ ናት። ከመካከላችን ከሹም የሸሸ አለ፤ ከዘመድ የሸሸችም አለች። ስለዚህ ፊት አይታይ። የቤት ቁጥር፣ የራሽን ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ አይታይ። «ከጀርባ ነው ያነሣነው» የምትሉም፣ እናት የልጇን ጀርባ እንደምታውቀው ጠላትም ያውቀዋል። የእጅ ጽሑፍም ፊት ነው! በብዕር ስም የሚጽፍ ወንድማችን የገዛ እጁ ጽሑፍ በስልክ ከዞረ ብዕር ስሙ ምን ጠቀመው? በመጽሔቱ ላይ ሁሉንም የሚገለብጠው ቁም ጸሐፊያችን ነውና ጭንቀት የለም፤ ለቅምሻም የሚነሣው የእርሱ እጅ ብቻ ይሁን። እርሱ ፈቅዷል።

የእጅ ጽሑፉ ሌላም ጥቅም አለው። የስልክ ማቀናበሪያው ሁሉ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አይኖረውም፤ ሳይኖረው ሲቀር «ሰላም» የሚለው ቃል አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ ይወጣል። በቀለም የተጻፈ ፊደል ግን ፎቶ ሲነሣ ሣጥን አይሆንም። ሌሎች በኮምፒውተር የእጅ ጽሑፍ ለማስመሰል ይደክማሉ፤ እኛ ያለንን ትተን የእነርሱን ማስመሰያ እንለምን?

አሠራሩ ለማንም ልጅ አይከብድም። ስልኩ ሁለት ጀሪካን መካከል ተቀርቅሮ ይቁም፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። የቀን ብርሃን ይሁን፤ ደመና ቢኖር ይመረጣል፤ ፀሐይና ጥላ ሲፈራረቁ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣልና። ሽፋኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሚንቀሳቀሰው ነገር ከወረቀት ተቆርጦ ይሠራ፤ በጥቂቱ እየገፉ ማንሣት ነው። በሴኮንድ ስምንት ሥዕል ከተያዘ ለስድስት ሴኮንድ 48 ፎቶ ይበቃል፤ ትንሽ ይንገጫገጫል፣ ይንገጫገጭ። የመጨረሻው ሥዕል ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ ማቋረጫው አይታወቅም። ዐረፍተ ነገሩ ለብቻው በቆመ ሥዕል ይከተል። ከሥሩም ወረቀቱ ማን ዘንድ እንዳለ በቀጠና ስም ብቻ ይጠቆም። በናስር ሮድ ማተሚያ ቤቶች ለፖስተር ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ እንደ ፖስተሩም ዝናብ አያበሰብሰውም።

አንድ ተቃውሞ ቀርቶኛል፤ እርሱም ከአንድ አዛውንት የመጣ ስለሆነ በአክብሮት እመልሳለሁ። «ልጄ፣ ቅምሻውን ያየ ሰው ጠግቤአለሁ ብሎ ወረቀቱን ቢተወውስ?» አሉኝ። ጋሼ፣ ሥጋትዎ ትክክል ነው። ወጋየሁ ከበሮ አልደለቀም ያልሁትም ለዚህ ነው። ሰው የሚጠግበው የነገሩን ማጠቃለያ ሲነግሩት ነው። «በዚህ እትም ስለ ውኃ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ናፍቆት ይነበባል» ከተባለ አውቄዋለሁ ብሎ ይተኛል። ከጽሑፉ መካከል አንድ ሕያው ዐረፍተ ነገር ከሰጡት ግን ከፊቱ ምን ነበረ፣ ከኋላውስ ምን መጣ እያለ እንቅልፍ ያጣል። የእትዬን ዐረፍተ ነገር ሙሉውን አንብቦ «አንድ ወር በልቶ የመሰከረ ሰው ተገኘ ወይ?» ብሎ የማይጠይቅ ማን ነው?

ስለሆነም ለሚቀጥለው እትም ይህን አቀርባለሁ። ሽፋኑ የታወቀ ነው፤ በቧንቧው ፊት ሰባት ጀሪካን ተሰልፈው። የምትንቀሳቀሰው ከቧንቧው የምትወድቅ አንዲት ጠብታ ብቻ ትሁን። ዐረፍተ ነገሩን እትዬ ራሷ ትምረጥ፤ ከወደደች ያችኑ የተቆረጠችባትን ሙሉዋን ታውጣት። ጠብታዋን የምትሥል እህት ተገኝታለች፤ ስልክ የሚያውስ ወጣትም አለ። መሥሪያ ቤቱ ሊያግዘን ከፈለገ ወረቀትና ቀለም ይላክልን፤ ርግቧን ይያዝ። ይህን የሚቃወም ወገን መልሱን እስከ እሑድ ለቁም ጸሐፊው ያድርስ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የቀረን ደብተር ሦስት ብቻ ነው።